ሰርቨሩ «ተቃጥሏል» ተብሎ ሪፖርት ከመጻፉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየመሥሪያ ቤቱ ጉዳዩን ሊያስፈጽም ሄዶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከዚህ መልስ በስተጀርባ የኔትወርክ መቋረጥ ወይም የሶፍትዌር ብልሽት ሊኖር ይችላል። እኔ የምጽፍላችሁ ግን በሙያዬ ደጋግሜ ስለማየውና የሚገባውን ትኩረት ስላላገኘ ሌላ ምክንያት ነው፤ ይኸውም መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ በኋላ በራክ (በብረት መደርደሪያ) ላይ የተቀመጠው ሰርቨር፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን መረጃና ፕሮግራም የያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ አልነሣም ማለቱ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለሙያው የማስነሻ ቁልፉን ደጋግሞ ይጫናል፣ ለውጥ ሲያጣ «ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ተቃጥሏል» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል፣ የግዥ ክፍሉም የአዲስ ሰርቨር ዋጋ ማጠያየቅ ይጀምራል። ባለጉዳዩ እስከዚያ ይመላለሳል። በእኔ እምነት ይህ ሪፖርት በብዙ ቦታ የሚጻፈው ከጊዜው በፊት ነው። የማይነሣ ሰርቨር ሁሉ የተቃጠለ አይደለም፤ የተቃጠለውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የተቃጠለው አንድ ክፍሉ እንጂ መላው ማሽን አይደለም።

በመጀመሪያ ሰርቨሩ በትክክል ሥራውን እየሠራም ሳይነሣ ሊቀር እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ሰርቨር ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚወስን ምርጫ አለ፤ ወዲያው ይነሣ፣ እንደጠፋ ይቆይ ወይም ከመቋረጡ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ ይመለስ የሚሉ ናቸው። «እንደጠፋ ይቆይ» ተብሎ የተስተካከለ ሰርቨር ሌሊት መብራት ተመልሶ ጠዋት ጠፍቶ ቢገኝ የታዘዘውን ፈጸመ እንጂ አልተበላሸም። ከዚህም ጋር በሰርቨሩ ውስጥ ማሽኑን ራሱን የሚቆጣጠር ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ በዴል ሰርቨሮች አይድራክ፣ በኤችፒ ሰርቨሮች አይሎ ይባላል። ይህ መቆጣጠሪያ ኬብሉ ከተሰካ በኋላ ራሱ ተነሥቶ ዝግጁ እስኪሆን ድረስ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ የማስነሻ ቁልፉ ቢጫኑት መልስ ላይሰጥ ይችላል። ኬብሉን ሰክቶ ወዲያው ቁልፉን የሚጫን፣ ዝም ሲለው ነቅሎ እንደገና የሚሰካ ባለሙያ ሰርቨሩ እንዲነሣ አንድም ጊዜ ዕድል አልሰጠውም ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ከግድግዳው ሶኬት እስከ ፓወር ሳፕላዩ (ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለሰርቨሩ ክፍሎች የሚያድለው ዕቃ) ያለው መንገድ ነው። በአገራችን ብዙው ችግር ያለው እዚህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገርበት። መንገዱ ከብሬከሩ ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ)፣ ከዩፒኤስ ወደ ራኩ ማከፋፈያ፣ ከማከፋፈያው በኬብል ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። ከእነዚህ አንዱ ቢቋረጥ ከፊት ለፊት ሆኖ ለሚያየው ሰው ሰርቨሩ የሞተ ይመስላል። የራክ ማከፋፈያዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ትንሽ ብሬከር አላቸው፤ መብራት በኃይል ሲመለስ እርሱ ወርዶ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በሰርቨሩ ጀርባ የሚሰካው ኬብልም ጥብቅ ብሎ የገባ መስሎ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሊቀረው ይችላል፤ በተለይ ሰርቨሩ በሐዲዱ ላይ ወደ ፊት ተስቦ ከተመለሰ በኋላ።

ሶኬቱ ኤሌክትሪክ እንዳለው የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ማረጋገጥ የተለመደ ነው፤ ግን አይበቃም። ቻርጀር በዝቅተኛ ቮልቴጅም፣ በላላ ገመድም ይሠራል። በመልቲሜትር መለካት ያስፈልጋል፤ በአገራችን መደበኛው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የሚለካውም ባዶው ሶኬት ብቻ ሳይሆን ጭነት ባለበት ጊዜ የማከፋፈያው መውጫ ጭምር ነው፤ ምክንያቱም የተቃጠለ ወይም የላላ ግንኙነት ያለ ጭነት 220 አሳይቶ ሰርቨሩ ኃይል ሊስብ ሲል ቮልቴጁ ሊወድቅ ይችላል። የሰርቨር ፓወር ሳፕላዮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላሉ፤ ከፍተኛ ዋት ካላቸው ግን ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት ከ200 ቮልት በላይ ሲያገኙ ብቻ የሆኑ አሉ። ማታ ማታ ቮልቴጅ በሚወርድበት ሰፈር ይህ ልዩነት ዋጋ አለው።

ዩፒኤሱም ራሱን ችሎ መመርመር አለበት። የእርሳስ ባትሪዎቹ በተለመደው አጠቃቀም ከ3 እስከ 5 ዓመት የሚያገለግሉ ሲሆን ሙቀት ባለበት ክፍል ዕድሜያቸው በእጅጉ ያጥራል። ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ መብራት እያለ ደህና ይመስላል፤ መብራት በሄደበት ቅጽበት ግን ሰርቨሩን ይዞት ይወድቃል። ሌላው በብዙ ቢሮዎች የሚታየው ለዴስክቶፕ የተሠራ ርካሽ ዩፒኤስ ከሰርቨር ጋር መገናኘቱ ነው። እንዲህ ያለው ዩፒኤስ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሞገድ እንደ መብራት ኃይሉ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ነው፤ የዘመኑ ሰርቨር ፓወር ሳፕላይ ደግሞ ይህን ሞገድ አልቀበልም ብሎ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩን ለአጭር ጊዜ ከዩፒኤሱ አውጥቶ በስታቢላይዘር በኩል ከተረጋገጠ ሶኬት ጋር ማገናኘት ጥሩ መለያ ነው። በዚያ ከተነሣ ጥፋቱ የሰርቨሩ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ላንሣ። በራክ የሚቀመጡ ሰርቨሮች በአብዛኛው ሁለት ፓወር ሳፕላይ ይዘው የሚመጡት አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲሸከም ነው፤ መሥሪያ ቤቱም ለሁለቱ ገንዘብ ከፍሏል። ሆኖም ሁለቱም ኬብሎች በአንድ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩም በአንድ ዩፒኤስ ላይ ተሰክተው ይገኛሉ። ያ ዩፒኤስ ሲወድቅ ሁለቱም አብረው ይወድቃሉ። ሁለት መስመር ማዘጋጀት ባይቻል እንኳ አንዱን ኬብል በዩፒኤስ፣ ሌላውን በስታቢላይዘር በኩል ማድረግ የሚቻልና ብዙ ወጪ የማያስከትል ነገር ነው። ከዚያም የከፋው አንዱ ፓወር ሳፕላይ ከተበላሸ ወራት አልፈውት፣ ከኋላ ያለው መብራቱ ብርቱካናማ እየበራና እየጠፋ፣ ማንም ሳያየው መቆየቱ ነው። ሁለተኛው የወደቀ ዕለት «ድንገት ተቃጠለ» ይባላል፤ ድንገት ግን አልነበረም።

ኤሌክትሪክ ፓወር ሳፕላዩ ድረስ መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ መብራቶቹን ማንበብ ይገባል። የመብራቶቹ ትርጉም እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የዚያን ሞዴል መመሪያ ከፊት አስቀምጦ መሥራት ግዴታ ነው። በኤችፒ ፕሮላየንት ሰርቨሮች የማስነሻ ቁልፉ ብርቱካናማ ሆኖ ሳይቆራረጥ ቢበራ ኤሌክትሪክ ገብቷል፣ ማሽኑ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው ማለት ነው፤ ይህን የብልሽት ምልክት አድርገው የሚተረጉሙ አሉ። በዴል ፓወርኤጅ ፓወር ሳፕላይ ላይ ግን ብርቱካናማ ብልጭ ድርግም የችግር ምልክት ነው። ምንም መብራት ከሌለ ደግሞ ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሰም፣ ወይ ፓወር ሳፕላዩ ወድቋል፣ ወይም በውስጥ ባለ ሾርት ምክንያት ራሱን ዘግቷል። ዋታቸው የተለያየ ሁለት ፓወር ሳፕላዮችን በአንድ ሰርቨር ላይ መሰካትም አንዱ እንዲዘጋ ሊያደርግ ይችላል፤ ከሌላ ሰርቨር «ለጊዜው» ተነቅሎ በመጣ ዕቃ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ ሁለቱንም ኬብሎች መንቀልና የማስነሻ ቁልፉን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ መያዝ፣ ጥቂት ቆይቶ አንዱን ብቻ መልሶ መሰካት ያስፈልጋል። ይህ ቀላል መስሎ የሚናቅ እርምጃ ነው፤ ምክንያቱ ግን ጠንካራ ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት መቆጣጠሪያ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሳለም በተጠባባቂ ኤሌክትሪክ፣ ብዙውን ጊዜ በ12 ቮልት፣ ሌት ተቀን ይሠራል። በቮልቴጅ መወዛወዝ ምክንያት እርሱ ከደነዘዘ ማስነሻ ቁልፉን የሚሰማ የለም፤ አንዱን ኬብል ብቻ መንቀልም ሌላው ስለሚመግበው ጥቅም የለውም። ፓወር ሳፕላዩም አደጋ አይቶ ራሱን ዘግቶ ከሆነ መከላከያው የሚለቀው ኤሌክትሪኩ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ነው። ሞቷል ተብሎ የተጻፈበት ሰርቨር በዚህ ብቻ የሚነሣበት ጊዜ አለ።

ካልተነሣ ፓወር ሳፕላዮቹን አንድ በአንድ መሞከር፣ ቦታቸውን ማለዋወጥ፣ ቢቻል ከተመሳሳይ ሞዴል የተረጋገጠ ፓወር ሳፕላይ አምጥቶ ማየት ይከተላል። በዚህ ቦታ ሁለት ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይን አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ ጋር አገናኝቶ ማስነሣት የሚቻል መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ያንን ዘዴ በሰርቨር ፓወር ሳፕላይ ላይ ሊሞክረው አይገባም፤ አሠራሩ የተለየ ነው። ፓወር ሳፕላዩንም ፈትቶ መክፈት አይገባም፤ በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ክፍል) ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይይዛል፣ ኬብሉ ከተነቀለ በኋላም ሊቆይበት ይችላል። ይህ ሕይወት የሚያጠፋ ነው።

አንባቢ «ለዓመታት ሳይጠፋ ሲሠራ የኖረ ሰርቨር ለምን ከአንድ የመብራት መቋረጥ በኋላ ይሞታል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። አንዱ ምክንያት መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው የቮልቴጅ ዝላይ ነው። ሌላው ምክንያት ብዙ ሰው የማያስበው ሲሆን በፓወር ሳፕላዩና በማዘርቦርዱ ላይ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት እያረጁ መሄዳቸው ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ነው። ያረጀ ካፓሲተር ማሽኑ ሞቆ እየሠራ እያለ ይሸከማል፤ ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ለመነሣት የሚያስፈልገውን ኃይል መስጠት ያቅተዋል። ስለዚህ ጥፋቱ በመጨረሻው መብራት መጥፋት ላይ ብቻ የሚላከክ አይደለም፤ አየር ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ የቀረበት፣ አቧራው ያልተጠረገበት፣ ካርቶን የተደረደረበት የሰርቨር ክፍል ድርሻ አለው።

ሰርቨሩ ባይነሣም ተጠባባቂ ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ መቆጣጠሪያው የሆነውን ሁሉ መዝግቦ ይይዛል። ላፕቶፕን በኔትወርክ ኬብል ከመቆጣጠሪያው ወደብ ጋር አገናኝቶ መዝገቡን ማንበብ ይቻላል፤ የትኛው ፓወር ሳፕላይ በስንት ሰዓት ኤሌክትሪክ እንዳጣ፣ የትኛው የቮልቴጅ መስመር ከልክ እንደወጣ፣ የትኛው ሜሞሪ ስሕተት እንዳሳየ እዚያ ላይ ተጽፏል። ሰዓቱን ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ መዝገቡ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ከተያዘ በእኛ አቆጣጠር ለማወቅ 3 መቀነስ ይገባል፣ በመዝገቡ 12 የተባለው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ብልሽቱን ካልሆነ መብራት መቋረጥ ጋር ያያይዘዋል። የሚያሳዝነው በብዙ መሥሪያ ቤት የመቆጣጠሪያውን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። ሰርቨሩን የተከለው ድርጅት ይዞት ሄዷል፣ ወይም ባለሙያው ሥራ ለቋል። በብዙ አዳዲስ ሰርቨሮች የመጀመሪያው የይለፍ ቃል ማሽኑ ላይ በሚሳብ ቀጭን መለያ ላይ ታትሟል፤ ርክክብ ሲደረግ ተቀይሮ በታሸገ ፖስታ በኃላፊው ካዝና ቢቀመጥ አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱን ያድነዋል።

ማሽኑን ወደ መክፈት የሚኬደው ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ከመክፈት በፊት ሃርድ ዲስኮቹ በየትኛው ቁጥር ቀዳዳ እንዳሉ ፎቶ ማንሣትና በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር መለጠፍ ይገባል። የእጅን ስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚያወርድ አንባር ማድረግም የግድ ነው። ከዚያ የተጨመሩ ካርዶችን ማውጣት፣ ዲስኮቹን ከግንኙነታቸው ጥቂት ሳብ አድርጎ ማላቀቅ፣ ሜሞሪውን መመሪያው በሚያዘው የመጀመሪያ ቦታ ላይ አንድ ብቻ ማስቀረትና እንደገና መሞከር ነው። በዚህ ከተነሣ የወጡትን አንድ በአንድ እየመለሱ ሾርት ያለበትን ማግኘት ይቻላል። ከማስነሻ ቁልፉ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ቀጭን ገመድ መላላቱን ማየትም አይረሳ። ፕሮሰሰሩን መንካት የመጨረሻው መሆን አለበት፤ የሶኬቱ ጥቃቅን እግሮች በቦርዱ ላይ ስለሆኑ አንዷ ከተጣመመች ደህና የነበረው ማዘርቦርድ ያኔ በእርግጥ ይበላሻል።

የማቀዝቀዣ ማራገቢያዎቹ እየዞሩ ሞኒተሩ ላይ ምንም ካልታየ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ያ ሰርቨር ኃይል አግኝቷል። ብዙ ሜሞሪ ያለው ሰርቨር በተለይ ዕቃ ከተቀየረለት በኋላ ሜሞሪውን ፈትሾ እስኪጨርስ ድረስ ብዙ ደቂቃዎች ጥቁር ገጽ ሊያሳይ ይችላል። ትዕግሥት አጥቶ ኬብል መንቀል፣ በተለይ ፈርምዌር (በማሽኑ ዕቃዎች ውስጥ የተቀመጠው ፕሮግራም) እየታደሰ ሳለ ከሆነ፣ ያልነበረ ብልሽት ይፈጥራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ማዘርቦርዱ በእርግጥ ወድቆ ቢገኝ እንኳ መረጃው ጠፋ ማለት አይደለም። የሬይድ፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራው ዘዴ፣ ዝርዝር በብዙ የዲስክ መቆጣጠሪያዎች በዲስኮቹ ላይም ስለሚጻፍ ዲስኮቹን በሙሉ ተስማሚ የዲስክ መቆጣጠሪያ ወዳለው ተመሳሳይ ሰርቨር አዛውሮ ማስነሣት ይቻላል። አዲሱ ሰርቨር ከሌላ ማሽን የመጡ ዲስኮች ማግኘቱን ገልጾ ይቀበላቸው ወይም ያጽዳቸው እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ላይ «አጽዳ» የሚለውን የሚጫን እጅ የአንድን መሥሪያ ቤት የዓመታት መዝገብ ተደራሽ ያልሆነ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ይህ እርምጃ ባክአፕ (የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ) መኖሩ ሳይረጋገጥ፣ ኃላፊ ባልተገኘበት፣ በሌሊትና በጥድፊያ መሠራት የለበትም። ሞቷል ተብሎ ለጨረታ የሚወጣ ሰርቨርም ዲስኮቹ ወጥተው መሆን አለበት፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 የዜጎችን መረጃ የያዘ ተቋም ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል።

ለኃላፊዎች የምለው አለኝ። ሰርቨር በወደቀ ሰዓት በባለሙያው ራስ ላይ ቆሞ «አሁኑኑ» ማለት ምርመራውን አያፋጥነውም፤ ቅደም ተከተሉን እንዲዘልል ያደርገዋል። ከላይ የዘረዘርኩት ምርመራ ማሽኑን እስከ መክፈት ድረስ በረጋ መንፈስ ቢሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የአዲስ ሰርቨር ግዥ ግን ጨረታውን፣ የውጭ ምንዛሪውንና ጉምሩኩን ጨምሮ ወራት ይወስዳል። አንድ መለዋወጫ ፓወር ሳፕላይ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ እንዲገዛ በዝርዝር መግለጫው ላይ ማስገባት፣ አንድ ደህና መልቲሜትር ለአይቲ ክፍሉ መስጠት፣ የዋስትናው ጊዜ መቼ እንደሚያበቃ ማወቅ ከባድ ጥያቄዎች አይደሉም። «ተቃጥሏል» የሚል ሪፖርት የሚቀርብለት ኃላፊም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት በሶኬቱ ላይ ስንት ቮልት እንደተለካ፣ በመቆጣጠሪያው መዝገብ ላይ ምን እንደተነበበ፣ በየትኛው ፓወር ሳፕላይ እንደተሞከረ በጽሑፍ ይጠይቅ። መልስ ከሌለው ሪፖርቱ ወደ ባለሙያው ይመለስ።

ለሙያ ባልደረቦቼ ደግሞ መብራት እየሄደ እየመጣ በሚቆራረጥበት ሰዓት ሰርቨሩን ለማስነሣት እንዳትቸኩሉ እለምናለሁ። ብሬከሩን አውርዳችሁ ቮልቴጁ እስኪረጋ ጠብቁ። ዩፒኤሱ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ የሚያስችለውን የመገናኛ ኬብልና ሶፍትዌር አገናኙ፤ ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ሳይወጣ ይቀራል። ሰርቨሩ ከተነሣ በኋላም ሥራው አላለቀም፤ የባዮሱን ሰዓት አስተካክሉ፣ የኤሌክትሪክ መመለሻ ምርጫውን እዩ፣ ባክአፑ ሠርቶ ማደሩን አረጋግጡ፣ ከዚያም ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት አንዱን ኬብል ነቅላችሁ ሰርቨሩ በሌላው ብቻ መቆም መቻሉን፣ መልሳችሁም ሌላውን ነቅላችሁ በመጀመሪያው መቆም መቻሉን ፈትሹ።

ከአክብሮት ጋር፤
በኮምፒውተር ጥገና ሙያ የምሠራ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ